የአያ መኩሪያ ትልልቅ ጎማዎች

አያ መኩሪያ ያረፉት በጥር ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ ሳይሆን «እንዴት አሰቡልን!» የሚል ሐሳብ ነበር። በዚህ አነጋገሬ የሚቆጣ ካለ ቆላውን አያውቀውም ማለት ነው። በጥር ጥቁሩ የዋልካ መሬት ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ድንጋይ ሆኖ ይከርማል፤ ከገንዳ ውሃ እስከ ሽንፋ ያለ ሰው ሁሉ ጫማውን ሳያቆሽሽ ቀብር ይደርሳል። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ሬሳውም ቀባሪውም መንገድ ላይ በቀሩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከጭቃ ጋር ሲጣሉ የኖሩት ሰውዬ መጨረሻ ላይ በደረቅ መንገድ ሄዱ።

የደወለልኝ ፈንታሁን ነው፣ ድሮ የትራክተራቸው ሹፌር የነበረው ጎጃሜ። «እቴ ሙሉ፣ አያ መኩሪያ አረፉ» አለኝ።  ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሳጥኑስ?» አልሁት።

«ልጆቹ ተለቅ ያለ አዘዋል። በጠባብ ካስገባናቸው ተነስተው ይቆጡናል ብለው።»

ሁለታችንም በስልክ ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ሰው በወጉ እንኳ አያስለቅሱም።

አሁን ገንዳ ውሃ መናኸሪያው አጠገብ የራሴ ምግብ ቤት አለችኝ። ያኔ ግን የአያ መኩሪያ እርሻ ላይ ወጥ ሠሪ ነበርሁ። እርሻው ከሽንፋ ወዲያ ነው። በበጋ ጠዋት ከከተማ የወጣ መኪና ለምሳ ይደርሳል፤ በክረምት ግን ማን እንደሚደርስ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሰሊጥ ያመርታሉ፤ ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱትን ሠራተኞች የማበላ እኔ ነኝ።

የአያ መኩሪያ ሃይማኖት ኦርቶዶክስ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚያምኑት በትልቅ ነገር ነው። «የተረፈ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍር ያነሰ ነው» ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። ባርኔጣው ራሱ ጆሯቸውን የሚደፍን ነበር። ጫማ ሲገዙ ከእግራቸው የሚተልቅ ይገዙና ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጥቃሉ። የካምፑን ቤት ሲያሠሩ በሩን «ይስፋ፣ ይስፋ» እያሉ አስፍተው አስፍተው ልኩ የሚሆን መዝጊያ ከየትም ታጣ፤ በሸራ እየጋረድን ከነፋሱም ከእባቡም ጋር አብረን ኖርን። አንድ ቀን ደግሞ «ሙሉ፣ ድስት ገዛሁልሽ» ብለው ሁለት ሰው የተሸከመው ነገር አመጡልኝ። ወይ ጉድ! እኔ የዚያን ድስት ውስጡን ሳጥብ ጎንበስ ብዬ አይደለም፣ ገብቼ ነው። ፈንታሁን ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እቴ ሙሉ፣ ዛሬ ቤት ነሽ?» እያለ በክዳኑ ያንኳኳብኝ ነበር።

ሲሰጡም እንደዚያው ናቸው። እናቴ ያረፈች ጊዜ ደጋ ድረስ ድንኳን ላኩልኝ። ድንኳኑ ሲዘረጋ ከግቢያችን ሰፋና የጎረቤት አጥር ተነቀለለት። ጎረቤታችን ከአባቴ ጋር በወሰን ተኳርፎ የኖረ ሰው ነው። ታዲያ አጥሩ ተነቅሎ፣ ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶበት እንዴት ብሎ ያኩርፍ? መጥቶ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ፤ በዚያው ታረቁ። አያ መኩሪያ ይህን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው «ትንሽ ድንኳን ቢሆን ይታረቁ ነበር?» አሉኝ። 

እኒህ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት ሚስታቸውን ብቻ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ሽንፋ ከተማ ያለውን ቤት ይዘው የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ሴት ናቸው። አያ መኩሪያ በአውራ ጎዳና የሚሰማውን ድምፃቸውን ሚስታቸው ፊት ሲደርሱ ከየት እንደሚያስቀሩት አላውቅም። ቀን የሚቆጥሩ፣ በዓል የሚያስታውሱ፣ ጾም የሚያስይዙ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። አያ መኩሪያ እርሻው ላይ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ አያውቁም፤ «ቀን የጥሩ ነው፣ ዝናብ የኔ ነው» ይላሉ።

በሁለቱ መካከል አንድ የማይሽር ቂም ነበረ። አያ መኩሪያ የአራት ልጆች አባት ናቸው፤ የአንዳቸውም ክርስትና ላይ አልተገኙም። ሰሊጡ ተሽጦ ወደ ቤታቸው የሚገቡ በኅዳር ነው። ከኅዳር ዘጠኝ ወር ቆጥራችሁ የት እንደሚያደርሳችሁ ራሳችሁ እዩት። ልጆቹ ሁሉ ዋልካው በተዘጋ ጊዜ ይወለዳሉ፤ ክርስትናቸው ደግሞ ከአጨዳው ጋር ይላተማል። አያ መኩሪያ በየጊዜው ሊደርሱ ይነሳሉ፣ በየጊዜው መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ከዚያ የመጀመሪያ ልጃቸው ሰናይት በግንቦት ሴት ልጅ ወለደች፤ ለአያ መኩሪያ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ናት። መንገዱ ደረቅ ነበርና እኔንና ፈንታሁንን በፒካፓቸው ይዘው ሽንፋ ገቡ። ሕፃኗን ሲያዩ «ምነው አነሰች?» ነበር ያሉ። ሰናይት ትራሱን ልትወረውርባቸው ምንም አልቀራትም። ዘር ሊዘራ ስለሆነ በማግስቱ ልንመለስ ስንል እትዬ ጥሩወርቅ እስከ በራፍ ሸኙን። በዚያች ቀጭን ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«መኩሪያ፣ ሴት ልጅ ናት፤ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይውላል። የአራቱን ልጆችህን ዋልካና ሰሊጥ በልቶብሃል፤ ችዬ ኖሬያለሁ። የዚችን ካጣህ ግን እዚያው ከሰሊጥህ ጋር ኑር። ልጂቱንም ወንድ አያት የለሽም ብዬ ነው የማሳድጋት።»

አያ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አልነኩም። መኪናው ውስጥ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እንደዚያ ከፍቷቸው አይቻቸው አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት። ከዚያ ድንገት ቀና ብለው «ፈንታሁን፣ ወደ መተማ ዮሐንስ አዙረው» አሉ።

«ምን ልናደርግ አያ?»

«ጎማ ልንገዛ።»

ጎማው ለፒካፑ አይደለም። ፒካፑ በክረምት ከሽንፋ ንቅንቅ አይልም። ትራክተሩም ቢሆን ከሰመጠ የሚያወጣው ሌላ ትራክተር ነው፤ እሱ ደግሞ አብሮ ይሰምጣል። የታሰበው ለአራት እግር ሞተሩ ነው። ይህ ሞተር ባለ አራት ጎማ፣ እንደ ፈረስ ተፈናጠው የሚነዱት ነገር ነው፤ አምና እርሻውን ትቶ ከሄደ አንድ ባለሀብት ነበር የገዙት። ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ በመጀመሪያው ዝናብ እስከ ሆዱ ሰምጦ ከረመ። አያ መኩሪያ የሞተሩ በሽታ ጎማው መሆኑን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወስነዋል፤ «የልጅ ጫማ አድርጎ ዋልካ የሚሻገር ማነው?» ይሉ ነበር።

ያኔ ድንበሩ ክፍት ነው፤ ከሱዳን በኩል የማይመጣ ዕቃ የለም። ሐሰን የሚባል ነጋዴ ሁለት ዓይነት ጎማ አወጣልን። አንዱ ጠበብ ያለ፣ ጥርሱ ጣት የሚያስገባ። ሌላው ሰፊ፣ ድብልብል፣ ጥርሱ እዚህ ግባ የማይባል፣ ግን ትልቅ። አያ መኩሪያ ወደየትኛው እንደሄዱ መናገር አያስፈልገኝም።

ፈንታሁን «አያ፣ ኸረ ባለጥርሱን ይውሰዱ። ጭቃ ነክሶ የሚይዝ እሱ ነው» አላቸው።

«ጥርስ ለሥጋ ነው!» አሉና ሰፊውን በእርግጫ ነካ አደረጉት። «ይሄስ ሐሰን?»

«ተማም ነው ያ ዙል!» አለ በዐረብኛው፤ ምርጥ ነው ሰውዬ ማለቱ ነው። «ይሄ በኛ አገር አሸዋ ላይ አይሰምጥም። የግመል እግር በለው።»

«ሰማህ ፈንታሁን? ግመል!» አሉ አያ መኩሪያ፣ ግመሉን ራሳቸው የወለዱት ይመስል።

እኔ ዝም ማለት አልተፈጠረብኝም። «አያ፣ ግመል እኮ አሸዋ ላይ ነው። በሐምሌ እኛ ዘንድ ግመል አይተው ያውቃሉ? ዝናብ ሲጀምር ባለግመሎቹ ሁሉ ነድተው ይሸሻሉ። ክረምቱን ወጥቶ ወርዶ ውሃ የሚያመላልስልን ቀጭን እግር ያለው ሸጋው ነው።»

ሸጋው የካምፑ አህያ ነው። አያ መኩሪያ ዞር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እኔ መኩሪያ ከአህያ ተምሬ ጎማ ልግዛ?»

አገር የሚያክለው ጎማ ተገዛ። ስንመለስ አንድ ልብስ ቤት ደጃፍ ላይ አስቆሙንና ለክርስትናው ነጭ ቀሚስ ይዘው ወጡ፤ ዘርግቼ ሳየው ትምህርት ቤት ለገባች ልጅ የሚሆን ነው። «አያ፣ ሕፃኗ እኮ ክንድ አታህልም!» አልኋቸው። «ታድጋለች» አሉኝ። በቃ፣ ያ ነው መልሱ።

ጎማው ሞተሩ ላይ አልገባም። የጭቃ መከላከያው ተቆርጦ ተጣለ፤ አሁንም ሌላ ነገር ይነካል። ሽንፋ ያለው በያጅ እያጉረመረመ የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ወደ ውጭ አስወጣው። በመጨረሻ ገባ፣ ግን መሪው እንደልብ አይታጠፍም፤ ያ ሞተር ለመዞር የአንድ ሰው ማሳ ይፈልግ ነበር። ከፍታውስ! አያ መኩሪያ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሰውነታቸውም እንደ ሐሳባቸው ትልቅ ነው፤ እግራቸውን ቢያነሱ ቢያነሱ መቀመጫው አይደረስም። ዙሪያቸውን አዩና ዓይናቸው ድስቴ ላይ አረፈ።

«ኧረ አይሆንም!» አልሁ።

ሆነ። ድስቱን ገልብጠው በሱ ላይ ቆመው ወጡ። ከላይ ሆነው «የተረፈ አያሳፍርም አላልሁሽም? ይኸው ድስቱም ሁለት ሥራ አገኘ» አሉኝ። በደረቁ መሬት ካምፑን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ሠራተኛው አጨበጨበ፣ አንዱ «ጉማሬ!» ብሎ ጮኸ፣ የሞተሩ ስም በዚያው ጸና።

ከዚያ ሰኔ ገባ፣ ዘነበ፤ ሐምሌ ገባ፣ ሰማዩ ተቀደደ። ካምፑ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ከቤቱ ኋላ ያለው ኩይሳ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። አያ መኩሪያ ምስጦቹን እየተሳደቡ ወጥተው ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ያወራሉ፤ እኔ ሥር ቆሜ ባርኔጣቸውን እይዛለሁ። ስልኩን የሚያወሩት በትልቁ አስጩኸው ስለሆነ የማልሰማው ነገር የለም።

«ክርስትናው ቅዳሜ ጠዋት ነው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ሐሙስ ሳይነጋ ተነስ።»

«በደንብ ቆጥረሽዋል?»

«ቀን መቁጠር የማን ሥራ ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው ተነስ።»

ሐሙስ ተነሳን። እኔ የክርስትናውን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አዝዬዋለሁ፤ ዘይትና ጨው ገዝቼ ስለምመለስ ሸጋው ባዶውን ይከተለኛል። ፈንታሁን ለመግፋት ነው የመጣው። ከመነሳታችን በፊት «አያ፣ ለሁሉም ነገር ሸጋው ላይ ይቀመጡ» ብዬ ነበር። ወግ የማላውቅ ይመስል! ለትልቅ ሰው በቅሎ ነው ክብሩ፤ በቅሎ ደግሞ ከኛ ቆላ ዝንብና በሽታ ጋር አይስማማትም። አህያ ላይ የተቀመጠ ባለ እርሻ አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

«ጌታችንም ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ነው እኮ» አልኋቸው።

«ጌታችን ሰሊጥ አልዘራም። ሽንፋ ያለ ነጋዴ ሁሉ አያውቀውም» አሉና ድስቱ ላይ ወጡ።

ጉማሬ ትንሽ ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ እንዳሰብሁት ወዲያው አልሰመጠም። ግን ዋልካው ከጎማው ጋር ተዋደደ። የጥርሱን ክፍተት ደፈነው፣ ከዚያ ጎማውን ለበሰው፣ ከዚያ በራሱ ላይ እየተደራረበ ወፈረ። ጎማው ይዞራል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ አያ መኩሪያ ግን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄዱ። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ሲያዞሩ ወደ ሰው ሰሊጥ። ፈንታሁን ከኋላ ሲገፋ ጎማው የረጨው ጭቃ ዓይኑን ብቻ አስቀርቶ ለሰነው። ሸጋው ቀጭን እግሩን አንድ በአንድ እየነቀለ በአጠገባቸው አለፈ። ዞር ብሎ ያያቸው መሰለኝ።

«አህያሽን ወዲያ በይልኝ» አሉኝ አያ መኩሪያ።

ቀኑን ሙሉ ጭቃ በእንጨት እየፋቅን፣ እየገፋን፣ እየተሰዳደብን ዋልን። ያን ሌሊት አንድ ጎረቤት ካምፕ አደርንና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ጋ ደረስን። እዚህ አገር ኮር ይሉታል፤ በበጋ አሸዋ ነው፣ ዝናብ ከላይ ሲጥል ድንገት ይሞላል። ሞልቶ፣ ግንድ እየጎተተ፣ እያጓራ ይወርዳል። ሸጋው ዳሩ ላይ ቆሞ አንድ እግሩን አልነቃነቅም አለ።

«በቃ ይጎድላል፣ እንጠብቅ» አለ ፈንታሁን።

አያ መኩሪያ ወንዙን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። «ነገ ቅዳሜ ነው» አሉ። «ጥሩ የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።» ከዚያ ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው ጉማሬን ወደ ውሃው ነዱት።

«ኧረ አያ! ኧረ በሞቴ!» ብዬ ጮህሁ።  ውሃው እስከ ጎማው ወገብ ደረሰ፤ ከዚያ ጉማሬ ቀጥ ብሎ ተነሳና ተንሳፈፈ! ያ ሁሉ ነፋስ የተሞላ ጎማ ለዋልካ ያልሆነው ለውሃ ሆነ። ጎርፉ ያዘውና እንደ እንቅብ እያሽከረከረ ይዞት ወረደ። አያ መኩሪያ በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው፣ አንዴ ፊታቸውን አንዴ ጀርባቸውን እያሳዩን ይሄዳሉ።

ፈንታሁን በዳሩ እየሮጠ «ፍሬን! አያ፣ ፍሬን ይያዙ!» ይላል።

«ይዣለሁ!» ይላሉ እሳቸው።

እኔ እያለቀስሁ ሳቄ መጣ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ወንዙ ከሚጠመዘዝበት ላይ አንድ የተገነደሰ ግራር ነበረ፤ ጉማሬ ሄዶ ቅርንጫፉ ውስጥ ተወሸቀ። አያ መኩሪያ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተንጠለጠሉ ወጡ። ወጥተው የቆሙት በወዲያኛው ዳር ነው፤ ተሻግረዋል!

«ምን ብያችሁ ነበር!» ብለው ጮሁ ከማዶ። «ትልቅ ጎማ!»

ግን ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ ዝም አለ። ጉልበታቸውም በዚያ ጭቃ የትም አያደርሳቸውም። እኛ በወዲህ፣ እሳቸው በወዲያ፣ ወንዙ እስኪጎድል እየተጯጯህን አደርን። እየመሸ ሲሄድ ጩኸታቸው ቀነሰ። አንድ ጊዜ ብቻ «ሙሉ፣ ቀሚሱ አልረጠበም?» ብለው ጠየቁኝ። «ደረቅ ነው አያ» አልኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ውሃው እስከ ጉልበት ወርዶ ተሻገርን። አያ መኩሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ ወጥታለች። እንደኛ ሁሉ እሳቸውም የጥምቀቱ ሰዓት ማለፉን ያውቃሉ። ሸጋውን አምጥቼ አጠገባቸው አቆምሁት። ብዙ አዩት። ከዚያ ተነሱና ያለ ድስት ተቀመጡበት፤ እግራቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ከከተማው ስንደርስ አውርደኝ ብያለሁ» አሉ ለፈንታሁን። ከከተማው ስንደርስ ግን መውረዱን ረሱት። ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ያያል፣ ልጆች ይከተላሉ፣ እሳቸው ቀና አላሉም። ጭቃ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ስለሸፈናቸው እኔ ራሴ የማውቃቸው በባርኔጣው ነው።

ቤታቸው በራፍ ስንደርስ ድንኳን የለም፤ እንግዳ የለም፤ ዘፈን የለም። አለቀ፣ በልቶ ሄዷል ሰው። አያ መኩሪያ አህያው ላይ እንደተቀመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበትና አለቀሱ። ያን ትልቅ ሰውነት እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ ማየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ! ፈንታሁንም ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ወጡ። «ምን ሆነህ ነው አህያ ላይ የምታለቅስ?»

«አመለጠኝ ጥሩ። ይሄም አመለጠኝ።»

«ምኑ?»

«ክርስትናው ነዋ!»

«ክርስትናው ነገ ነው።»

 ሸጋው ጆሮውን አርገበገበ። አያ መኩሪያ ባርኔጣውን ከፊታቸው ዝቅ አደረጉ። «ቅዳሜ ነው አላልሽኝም?»

«ለሌላው ሰው እሁድ ነው» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ላንተ ቅዳሜ ነው ብዬ ነገርሁህ። ከነጭቃህ ይሄን ያህል ዓመት ሳውቅህ! በል ውረድና ታጠብ።»

ፈንታሁን ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አያ መኩሪያ ከአህያው ወርደው ሚስታቸውን ከነዱቄታቸው አቀፏቸው። በዚያ ትውልድ ዘንድ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፤ እትዬ ጥሩወርቅ «ኧረ ሰው አለ!» እያሉ በክርናቸው ቢጎሽሟቸውም አልለቀቁም።

እሁድ ጠዋት ከቄሶቹ ቀድመው ቤተ ክርስቲያን የደረሱ እሳቸው ናቸው። ሕፃኗ ተጠምቃ ወጥታ ያን ቀሚስ ስናለብሳት ውስጡ ጠፋች። ቄሱ መስቀሉን ይዘው ጎንበስ ብለው «ልጂቱስ የታለች?» ሲሉ ቅጥር ግቢው በሳቅ ተሞላ። ስሟን ማርዘነብ አሏት። አያ መኩሪያ «ታድጋለች፣ ታድጋለች» እያሉ ለያንዳንዱ ሰው ይመልሱ ነበር።

ጉማሬን በጥቅምት ከግራሩ አወጣነው። አያ መኩሪያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጎማው ትክክል እንደነበረ ሲከራከሩ ኖሩ፤ «እናንተ ከነቀጭን እግራችሁ ወዲህ ቀራችሁ፣ ያሻገረኝ ማን ነው?» ይሉናል። ግን አንዱን ጎማ ለሁለት አስቆርጠው ካምፑ ደጃፍ አስቀመጡትና «ሸጋው ከዛሬ ጀምሮ ከትልቅ ዕቃ ይጠጣ» አሉ። ይቅርታ የሚጠይቁት እንደዚያ ነው።

ለቀብሩ ከገንዳ ውሃ ተነስቼ ሄድሁ። መንገዱ ሁሉ አቧራ ነው፤ ሚኒባሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ሽንፋ ገባ። ለቀስተኛው ከድንኳኑ ተርፎ መንገድ ላይ ተቀምጧል፤ ወሎዬው፣ ጎጃሜው፣ ያረመላቸው ያጨደላቸው ሁሉ መጥቷል። ድንኳኑ አነሰ። በሕይወቴ በሳቸው ስም አንድ ነገር ሲያንስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ደርቀው ተቀምጠዋል። እንባ የላቸውም፤ ሰውም እሱን ነበር የፈራው። «ያልቅሱ እንጂ እትዬ» ስላቸው «ገና አላመንሁም» አሉኝ። «ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣ።»

በዚህ መካከል ማርዘነብ ገባች። ሰባት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ አይታ እኔም እለብሳለሁ ብላ ሳጥን በርብራ ያገኘችውን ለብሳ መጥታለች። ያ የክርስትናዋ ቀሚስ ነው። እጅጌው ከአንጓዋ ላይ፣ ጫፉ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ፣ በየትም በኩል የተረፈ በየትም በኩል ያነሰ የለውም።

እትዬ ጥሩወርቅ ልጂቱን ወደሳቸው ሳቡና ትከሻዋን፣ እጅጌውን፣ ወገቧን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ልክ ሆነላት እኮ» አሉ፣ ከዚያ አለቀሱ።